የሲኦልን ጣሪያ የለካው ወጣት

ወጣቶች በተሰበሰቡበት ሁሉ የማይቀር አንድ ክርክር አለ። ከልብ ወለድ ጀግኖች ማን ማንን ያሸንፋል? የዚህኛው ፊልም የጦር መርከብ ያኛውን ፊልም መርከብ ይችለዋል ወይ? አንዱ በስሜት ይከራከራል፤ ሌላው ደግሞ ወረቀት አውጥቶ ክብደትና ፍጥነት ማስላት ይጀምራል። ይህ ጨዋታ የፊልምና የስልክ ዘመን የወለደው ይመስላል። ነገር ግን ከአራት መቶ ዓመት በፊት ምሁራን በአዳራሽ ተሰብስበው፣ የከተማ ክብር አስይዘው ተከራክረውበታል። ያን ጊዜ በስሌት የተመዘነው የልብ ወለድ ዓለም ሲኦል ነበር። ስሌቱን ያቀረበውም ሥራ ፈላጊ ወጣት ነበር፤ ስሙ ጋሊሊዮ ጋሊሌይ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ የሚጀምረው ከዳንቴ አሊጊዬሪ ነው። ዳንቴ በ1265 በፍሎረንስ ከተማ ተወለደ፤ በፖለቲካ ጠብ ከአገሩ ተባርሮ በ1321 በራቬና በስደት ሞተ። በስደቱ ዘመን የደረሰው መለኮታዊ ኮሜዲ የተባለው ረጅም ግጥም በመጀመሪያው ክፍሉ ገጣሚውን ራሱን ወደ ሲኦል ያወርደዋል። ይህ ሲኦል አፉ ሰፊ፣ ወደ ታች እየጠበበ የሚሄድ ግዙፍ ጉድጓድ ነው፤ ዘጠኝ ክበቦች አሉት፤ ከሁሉ በታች፣ በምድር እምብርት ላይ፣ ሰይጣን በበረዶ ውስጥ ተቀርቅሮ ይገኛል። መጽሐፍ ቅዱሱን የሚያነብ ወጣት እዚህ ላይ ቆም ማለቱ አይቀርም። ዘጠኝ ክበብ የሚል ቃል በመጽሐፍ ቅዱስ የለም፤ በረዶውም የለም። ብዙ ሰው ስለ ሲኦል በዓይነ ሕሊናው የሚስለው ሥዕል ከነቢያትና ከሐዋርያት ይልቅ ከገጣሚዎችና ከሠዓሊዎች የመጣ ነው። ዳንቴ የጻፈው ግጥም ነው፤ በግጥምነቱም እጅግ ታላቅ ነው።

ፍሎረንሳውያን ያባረሩትን ሰው ከሞተ በኋላ የከተማቸው ጌጥ አደረጉት። አንቶኒዮ ማኔቲ የተባለ የከተማው ተወላጅ በ15ኛው ክፍለ ዘመን በግጥሙ ውስጥ የተበተኑትን ፍንጮች ሰብስቦ የሲኦልን ቅርጽና መጠን አሰላ። በ1544 ግን አሌሳንድሮ ቬሉቴሎ የተባለ የሉካ ከተማ ሰው የራሱን ማብራሪያ አሳተመና የማኔቲን ስሌት ነቀፈ፤ በምትኩም እጅግ የጠበበ ሌላ ሲኦል አቀረበ። ሉካ ጎረቤት ናት፤ ተቀናቃኝም ናት። የሉካ ሰው የፍሎረንስን ሊቅ በፍሎረንሳዊው ገጣሚ ጉዳይ ሲያርም ዝም ብሎ ማለፍ ለፍሎረንስ አካዳሚ ከባድ ነበር። ስለዚህ አካዳሚው የሒሳብ ሰው ፈለገ።

ጋሊሊዮ በዚያን ጊዜ 24 ዓመት ያልዘለለው ወጣት ነበር። አባቱ ሙዚቀኛ ናቸው። ልጃቸውን ሐኪም እንዲሆን ወደ ፒሳ ዩኒቨርሲቲ ቢልኩትም እርሱ ልቡ በሒሳብ ተነጥቆ በ1585 ያለ ዲግሪ ትምህርቱን ተወ። በግል እያስተማረ ኑሮውን ይገፋ ነበር። የቦሎኛ ዩኒቨርሲቲን የሒሳብ መምህርነት ቦታ ተመኝቶ ነበር፤ ቦታው ለሌላ ሰው ተሰጠ። በ1588 በአካዳሚው ፊት ስለ ሲኦል ቅርጽ፣ ቦታና መጠን ሁለት ንግግር እንዲያደርግ ሲጠየቅ ነገሩ ለእርሱ የሥነ ጽሑፍ ጨዋታ ብቻ አልነበረም፤ በታላላቆች ፊት የመታየት ዕድል ነበር። ንግግሩን ሲከፍት፣ ሰዎች በዓይን የሚታየውን ሰማይ መለካታቸው ድንቅ ከሆነ፣ በምድር ሆድ ውስጥ የተቀበረውንና ከስሜት ሕዋሳት ሁሉ የተሰወረውን መለካት ምንኛ ይበልጥ ድንቅ ነው የሚል ሐሳብ አቀረበ።

ከዚያም ወደ ቁጥሩ ገባ። በማኔቲ አሳብ ሲኦል ሾጣጣ ነው፤ ጫፉ የምድር መካከል ላይ ነው፤ የሰፊው አፉ እኩሌታ ከኢየሩሳሌም ሥር ይውላል። የአፉ ስፋት ከምድር ሬዲየስ ጋር እኩል ነው። ጋሊሊዮ አርኪሜዴስን ይዞ ሲያሰላው ይህ ሁሉ ጉድጓድ ከምድር ይዘት ከአሥራ አራት እጅ አንዱን እንኳ አይሞላም። ብዙ ሰው ከሥዕሉ ተነሥቶ የምድር ግማሽ የተቦረቦረ ይመስለዋልና አድማጮቹ ሳይደነቁ አልቀሩም ብዬ እገምታለሁ።

የሰይጣንን ቁመት ያገኘበት መንገድ ደግሞ ዛሬ በጀግኖች ኃይል የሚከራከር ወጣት ሁሉ የሚያውቀው ዓይነት ነው። ዳንቴ ቁመቱን በቁጥር አልተናገረም፤ ፍንጭ ብቻ ነው የሰጠው። የግዙፉ የናምሩድ ፊት በሮም ቅዱስ ጴጥሮስ ካለው የናስ የጥድ ፍሬ ጋር እንደሚተካከል ይናገራል። ጋሊሊዮ የጥድ ፍሬውን 5 ክንድ ተኩል ብሎ ያዘ። (የፍሎረንስ ክንድ 58 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ እኛ ከምናውቀው ክንድ ጥቂት ይረዝማል።) የሰው ራስ የቁመቱ አንድ ስምንተኛ ነውና ናምሩድ 44 ክንድ ሆነ። ቀጥሎ ሌላ ፍንጭ አለ፤ ዳንቴ ከግዙፎቹ ጋር ሲነጻጸር የሚያንሰውን ያህል፣ ግዙፎቹ ከሰይጣን እጅ ጋር ሲነጻጸሩ ከዚያ ይበልጥ ያንሳሉ። ዳንቴ 3 ክንድ ቁመት አለው ብንል፣ 44ን በ44 አባዝተን ለ3 ስናካፍል የሰይጣን እጅ 645 ክንድ ይሆናል። እጅ የቁመት ሢሶ ስለሆነ ሙሉ ቁመቱ 1935 ክንድ ይመጣል፤ ዳንቴ ከዚያም ይበልጣል ስላለ ጋሊሊዮ 2000 አለው። በእኛ ልክ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ነው።

እስከዚህ ድረስ መንገዱ ቀና ነበር። አስቸጋሪው ጣሪያው ነው። ጉድጓዱ ወደ ላይ ክፍት ስላልሆነ በላዩ የምድር ቅርፊት እንደ ጉልላት ተደፍቶበታል። የምድር ሬዲየስ በዚያን ጊዜ ስሌት 3245 ማይል ከ5/11 ነበር፤ ማኔቲ የጣሪያውን ውፍረት የዚያን አንድ ስምንተኛ፣ 405 ማይል ከ15/22 አድርጎታል። እንዲህ ያለ ሰፊ ጉልላት እንዴት ሳይደረመስ ይቆማል የሚል ተቃውሞ ተነሥቶ ነበር። ጋሊሊዮ መልሱን ከግንበኞች ወሰደ። 30 ክንድ ስፋት ያለው ትንሽ ጉልላት 4 ክንድ ውፍረት ቢኖረው ይበቃዋል፤ እንዲያውም አንድ ክንድ፣ ከዚያም ያነሰ ቢሆን ይቆማል። 4 ለ30 ማለት ደግሞ አንድ ለስምንት ያህል ነው። ምጣኔው አንድ ከሆነ ትልቁም እንደ ትንሹ ይቆማል። ስለዚህ የሲኦል ጣሪያ አስተማማኝ ነው፤ ማኔቲ ትክክል፣ ቬሉቴሎ ስሕተተኛ!

አካዳሚው የፈለገውን አገኘ። ጋሊሊዮም በ1589 በፒሳ ዩኒቨርሲቲ የሒሳብ መምህርነት ተሰጠው። ሹመቱን ያገኘው በሲኦል ንግግሩ ብቻ ነው ማለት አይቻልም፤ ስለ ክብደት ማዕከል የሠራው ሥራና ስሙን ያነሡለት ወዳጆች ነበሩት። ንግግሩ ግን እንዳልጎዳው ግልጽ ነው።

ችግሩ ስሌቱ ስሕተት መሆኑ ነው። ሒሳቡ ቢገናኝም የተነሣበት አሳብ ልክ አልነበረም። ስሕተቱን ለመረዳት አንድ አራት ማዕዘን ድንጋይ አስቡ። ርዝመቱን፣ ስፋቱንና ቁመቱን እጥፍ ብታደርጉት ክብደቱ ስምንት እጥፍ ይሆናል። መሬት ላይ የሚያርፍበት ገጽ ግን አራት እጥፍ ብቻ ነው የሚሆነው። እንግዲህ የገጹ እያንዳንዱ ጣት ከቀድሞው ሁለት እጥፍ ሸክም ወደቀበት። ሦስት እጥፍ ብታሳድጉት ክብደቱ 27፣ ገጹ 9፣ በእያንዳንዱ ጣት ላይ ያለው ሸክም ሦስት እጥፍ። ነገር በቅርጹ ሳይለወጥ ሲያድግ ክብደቱ ከብርታቱ ፈጥኖ ያድጋል ማለት ነው። የ30 ክንዱን ጉልላት ወደ ሲኦል ስፋት ስታሳድጉት በመቶ ሺዎች የሚቆጠር እጥፍ ነው የምታሳድጉት፤ ድንጋዩም በዚያው ልክ የበዛ ጫና ይሸከማል። እንዲህ ያለውን የሚችል ድንጋይ የለም። የማኔቲ ጣሪያ ገና ተሠርቶ ሳያልቅ ይደረመስ ነበር።

ይህን ለዓለም በግልጽ ያስተማረው ማን እንደሆነ ስንጠይቅ ታሪኩ ይጣፍጣል፤ ራሱ ጋሊሊዮ ነው። ከ50 ዓመት በኋላ፣ በ1638፣ ሁለት አዳዲስ ሳይንሶች የተባለው የመጨረሻው መጽሐፉ በኔዘርላንድስ፣ በላይደን ከተማ ታተመ። ሽማግሌው በፍሎረንስ አጠገብ በአርቼትሪ በቤት እስር ላይ ነበር፤ ዓይኑም ጠፍቶ ነበር። መጽሐፉ የሚከፈተው በዚሁ ጉዳይ ነው። ትንሹ ማሽን ስለሠራ ትልቁም በዚያው ምጣኔ ቢሠራ ይቆማል ብሎ የሚያስብን ሰው ስሕተት ያሳያል። ፈረስ ከሦስት ወይም ከአራት ክንድ ከፍታ ቢወድቅ አጥንቱ ይሰበራል፤ ድመት ከስምንትና ከአሥር ክንድ ወድቃ ትሄዳለች፤ ጉንዳንማ ከጨረቃ ብትወድቅ ምን ትሆናለች ይላል። ትንሽ ውሻ እርሱን የሚያካክሉ ሁለት ወይም ሦስት ውሾች በጀርባው ሊሸከም ይችል ይሆናል፤ ፈረስ ግን አንድ እኩያውን እንኳ አይችልም። በመጽሐፉ ውስጥ የሁለት አጥንቶች ሥዕል አለ። አንደኛው ተራ አጥንት ነው። ሁለተኛው በርዝመት ሦስት እጥፍ ሲሆን ሸክሙን እንዲችል እጅግ ወፍሮ፣ አስቀያሚ ሆኖ ተሥሏል። የሰውን መልክ ይዞ ግዙፍ የሚሆን ፍጡር ወይ አጥንቱ ከሌላ ጠንካራ ነገር መሠራት አለበት፤ አለዚያም መልኩ መበላሸት አለበት።

አሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ ማርክ ፒተርሰን በ2002 ባሳተመው ጥናት፣ ጋሊሊዮ ይህን ሕግ ያገኘው ከሲኦል ንግግሩ ብዙም ሳይቆይ፣ የራሱን የጣሪያ ማስረጃ ሲመረምር ሳይሆን አይቀርም ይላል። የንግግሩ ጽሑፍ በሕይወት ዘመኑ አልታተመም፤ የወጣው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። የፒተርሰን አስተያየት ያሳምነኛል። የሰማውን ያጨበጨበለት ሕዝብ ሳይሆን ጣሪያው ራሱ ነው ወጣቱን ያልተወው። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፤ የልብ ወለዱን ዓለም ከቁም ነገር ቆጥሮ በቁጥር ባይገባበት ኖሮ ስሕተቱ የሚገለጥበት ቦታ አልነበረም።

ግዙፍ ሲባል ጎልያድ ትዝ የሚላችሁ ትኖራላችሁ። ጎልያድን ከልብ ወለድ ጋር ልደምረው አይደለም፤ ጥያቄው መነሣቱ ግን አይቀርም። በእጃችን ባለው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ቁመቱ ስድስት ክንድ ከስንዝር ነው፤ ሦስት ሜትር የማይሞላ ማለት ነው። አሜሪካዊው ሮበርት ዋድሎው በ1940 በ22 ዓመቱ ሲሞት 2 ሜትር ከ72 ሳንቲ ሜትር ነበር። የጋሊሊዮ ሕግ እዚህ ልክ ላይ በሩን አይዘጋም፤ ነገር ግን ዋጋ ያስከፍላል። ዋድሎው ለመራመድ የእግር ድጋፍ ብረት ያስፈልገው ነበር፤ የሞተውም ያው ብረት ቁርጭምጭሚቱን ልጦት ቁስሉ በማመርቀዙ ነው።

ከጋሊሊዮ በኋላ ጸሐፊዎችም ሒሳቡን መጠቀም ጀመሩ። ጆናታን ስዊፍት በ1726 ባሳተመው የጋሊቨር ጉዞ ውስጥ ድንክዬዎቹ የጋሊቨርን ቀለብ የሚወስኑት በስሌት ነው፤ ቁመቱ 12 እጥፍ ከሆነ ሆዱ የ1728 ሰው ምግብ ይይዛል። የስዊፍት ግዙፎች እግር ግን ሒሳብ አልተሠራለትም። በ1926 እንግሊዛዊው የሥነ ሕይወት ሊቅ ጄ. ቢ. ኤስ. ሃልዴን ስለ ትክክለኛ መጠን በጻፈው ድርሰት ይህንኑ ጉዳይ ይዞ ለወንጌላውያን ቤት እንግዳ ያልሆነ መጽሐፍ ውስጥ ገባ፤ ጆን ባንያን ስለ ክርስቲያን መንገደኛ የጻፈው መጽሐፍ ነው። በልጅነቱ በሚያውቀው የሥዕል እትም ላይ መንገደኛው የሚያልፋቸው ሁለት ግዙፎች 18 ሜትር ያህል ቁመት ነበራቸው፤ የሰው አሥር እጥፍ። ስለዚህ ክብደታቸው የሰው ሺህ እጥፍ፣ የአጥንታቸው የቁራጭ ገጽ ስፋት ግን መቶ እጥፍ ነው፤ በእያንዳንዱ ጣት አጥንት ላይ አሥር እጥፍ ሸክም አለ። የሰው የጭን አጥንት ደግሞ አሥር የሰው ክብደት ሲጫነው ይሰበራል። አንድ እርምጃ ቢራመዱ ጭናቸው ይሰበር ነበር። በሥዕሉ ላይ ተቀምጠው የሚታዩት በዚህ ምክንያት መሆን አለበት ብሎ ሃልዴን ይቀልዳል። ሃልዴን እምነት የለሽ ሰው ነበር፤ ቀልዱ ግን ባንያንን አይጎዳውም። ባንያንም ከግዙፎቹ አንዱን ዋሻው አፍ ላይ ተቀምጦ ነው የሚያሳየን። የዳንቴ ሰይጣን በዚህ ስሌት የሰው 645 እጥፍ ጫና በአጥንቱ ላይ ይሸከማል። እርሱን ደግፎ የሚያቆመው ምናልባት የተቀረቀረበት በረዶ ይሆናል።

አሁን ወደ ጀግኖቹ እንመለስ። ሱፐርማን በ1938 ለመጀመሪያ ጊዜ በታተመበት የሥዕል መጽሔት ጄሪ ሲገልና ጆ ሹስተር የኃይሉን ምክንያት ሊያስረዱ ጉንዳንንና ፌንጣን ጠቀሱ። ጉንዳን ከራሷ ክብደት በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ትሸከማለች፤ ፌንጣ በአካሉ ልክ ሲታሰብ እጅግ ሩቅ ይዘላል፤ ሱፐርማንም እንዲሁ ነው አሉ። ይህ የ24 ዓመቱ ጋሊሊዮ ስሕተት ነው፤ ያውም ሳይሸራረፍ። ጉንዳን ብርቱ የሆነችው ትንሽ ስለሆነች ነው። በሰው ልክ ብትተልቅ የገዛ ገላዋን የሚሸከም እግር አይኖራትም።

በሚኔሶታ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ መምህር የሆነው ጄምስ ካካሊዮስ በ2005 ባሳተመው መጽሐፍ ሌላኛውን ምክንያት፣ የጀግናው ትውልድ ፕላኔት የስበት ኃይል ትልቅ ነበር የሚለውን፣ ይዞ አሰላ። 200 ሜትር ያህል ከፍታ ያለውን ሕንፃ ለመዝለል በሰዓት ከ220 ኪሎ ሜትር በላይ በሆነ ፍጥነት ከመሬት መነሣት ያስፈልጋል። ለእንዲህ ያለ ዝላይ የተሠራ እግር እንዲኖረው ፕላኔቱ የምድርን 15 እጥፍ ያህል ስበት ሊኖረው ይገባል። ምድርን የሚያክል ፕላኔት በተራ ድንጋይና ብረት ይህን ስበት አያገኝም፤ በመካከሉ እጅግ የታመቀ፣ ከሞቱ ኮከቦች ውስጥ የሚገኝ ዓይነት ቁስ ያስፈልገዋል። እንዲህ ያለ ፕላኔት ደግሞ አይረጋጋም፤ ይፈነዳል። በታሪኩም ውስጥ ክሪፕተን የሚፈነዳ ፕላኔት ነው። ደራሲዎቹ ሳያስቡት የገጠመ ነገር ነው፤ ካካሊዮስ ይህን ሲያገኝ ምንኛ እንደሳቀ መገመት አያስቸግርም።

ስታር ዋርስ ውስጥ በአንድ ምት ፕላኔት የሚያፈነዳው የጦር ጣቢያም ይመዘናል። ምድርን የሚያክል ፕላኔት ፍርስራሹ ተመልሶ እንዳይሰበሰብ አድርጎ ለመበተን፣ ፀሐይ ወደ ሁሉም አቅጣጫ የምትረጨውን ብርሃንና ሙቀት አንዲት ሳትባክን ለአንድ ሳምንት ያህል ማጠራቀም ያስፈልጋል። ፊልሙ ላይ ይህ ሁሉ በቅጽበት ያልቃል።

እንዲህ ያለው ስሌት ጀግናው ምን ያህል ዋጋ እንደሚያስወጣ ይነግረናል፤ ታሪኩ ጥሩ ይሁን መጥፎ ግን አይነግረንም። የዳንቴ ጣሪያ በስሌት ፈርሷል፤ ግጥሙ ግን ቆሟል። ባንያን ግዙፎቹን ያስቀመጣቸው መንገደኛውን ሊያስፈሩ እንጂ ሊመዘኑ አይደለም። ስሌቱን ታሪኩን ለማዋረድ የሚጠቀም ሰው የግጥሙንም የፊዚክሱንም ጣዕም የሚያጣ ይመስለኛል። ስሌቱ የሚያፈራው ካልኩሌተር የያዘው ሰው የገዛ ግምቱንም አብሮ ሲፈትን ነው።

በእኛ ዘመን የዚህ ምርጡ ምሳሌ የካርል ሴጋን ልብ ወለድ ነው። ሴጋን በ1985 ባሳተመው ኮንታክት በተባለው መጽሐፍ ጀግናዋን በጥቁር ጉድጓድ በኩል ወደ ሩቅ ኮከብ ሊልካት ፈልጎ ነበር። ከመታተሙ በፊት ረቂቁን ለወዳጁ ለፊዚክስ ሊቁ ለኪፕ ቶርን ሰጠው። ቶርን በዚህ መንገድ ብትሄድ ትጠፋለች አለው። በምትኩ ሊቃውንቱ የትል ቀዳዳ የሚሉትን፣ በጠፈር ውስጥ ሁለት ሩቅ ቦታዎችን የሚያገናኝ አቋራጭ መንገድ ሐሳብ አቀረበለት። ለልብ ወለድ ተብሎ የተጀመረው ስሌት ቶርንን አልለቀቀውም። ከተማሪው ከማይክል ሞሪስ ጋር ሆኖ በ1988፣ ከፍሎረንሱ ንግግር 400 ዓመት በኋላ፣ በፊዚክስ መጽሔት ላይ አሳተመው፤ ከዚያ ወዲህ በጉዳዩ ላይ ብዙ ጥናት ተደርጓል።

ቶርንና ሞሪስ የገጠማቸው ችግር ምን እንደ ነበር ብትጠይቁ፣ ያው የሲኦል ጣሪያ ነው። በአንስታይን ሒሳብ ውስጥ የዚህ አቋራጭ መንገድ ጉሮሮ ብርሃን እንኳ ሳያልፍበት ይደረመሳል። ክፍት ሆኖ እንዲቆይ ግድግዳውን ወደ ውጭ የሚገፋ፣ ኃይሉ ከዜሮ በታች የሆነ ቁስ ያስፈልገዋል። በሚያስፈልገው መጠን እንዲህ ያለ ቁስ ያገኘ ማንም የለም። ሁለቱ ሰዎች ትንሹ ከቆመ ትልቁም ይቆማል አላሉም፤ ምን ዓይነት ቁስ እንደሚያስፈልግና ያም ቁስ እስከ ዛሬ ከምናውቀው ሁሉ የተለየ መሆኑን በቁጥር ጽፈው ጥያቄውን ለሚመጣው ተማሪ ክፍት ተዉት።